ከሁለተኛው እርከን የሚወጣ አማካይ፦ የኤቤሬቺ ኤዜ መንገድና ከጀርባው ያለው ሂሳብ

በ2018 ክረምት (እዚህ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የምዕራብ ለንደኑ ኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ ከፕሪሚየር ሊግ በታች ያሉትን ሊጎች ከሚያስተዳድረው የእንግሊዝ ፉትቦል ሊግ ጋር ለዓመታት ሲካሰስበት የቆየውን ጉዳይ በስምምነት ዘጋ። ክለቡ በ2013/14 የውድድር ዓመት በሁለተኛው እርከን እየተጫወተ ከተፈቀደለት በላይ ከስሮ፣ በዚያው ወጪ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አድጎ ነበር። አሁን ዋጋውን ከፈለ፦ 17 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት፣ 3 ሚሊዮን ፓውንድ ለሊጉ የሕግ ወጪ፣ ባለቤቶቹ ለክለቡ ካበደሩት ገንዘብ ደግሞ ወደ 22 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋው ወደ አክሲዮን እንዲለወጥ ተወሰነ። በዚህ ላይ በጥር 2019 የዝውውር መስኮት አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ታገደ።

ለደጋፊው መርዶ ነበር። በዚያው ክለብ ልምምድ ሜዳ ላይ ለነበረ አንድ የ20 ዓመት አማካይ (የመሀል ሜዳ ተጫዋች) ግን የሕይወቱን በር የከፈተ ውሳኔ ሆነ ብዬ አምናለሁ። ልጁ ኤቤሬቺ ኤዜ ይባላል። ዛሬ የአርሰናልን 10 ቁጥር ይለብሳል፤ አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ያለው የአርሰናል ደጋፊ ስሙን አሳምሮ ያውቀዋል። ከዚያ በፊት የሄደበትን መንገድ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው፤ የሚያውቀውም አብዛኛውን ጊዜ «ተሰጥኦ ነበረው፣ ጠንክሮ ሠራ፣ ደረሰ» ብሎ ይጨርሰዋል። ይህ አባባል ውሸት ባይሆንም በጣም ጎደሎ ነው። ተሰጥኦ ያላቸውና ጠንክረው የሠሩ ብዙዎች አልደረሱምና። ከሁለተኛው እርከን አንድ አማካይ የሚወጣው የልጁ ችሎታ፣ የሊጉ ጠባይና የክለቡ የሂሳብ መዝገብ በአንድ ወቅት ሲገጣጠሙ ነው። ሦስቱን አንድ በአንድ ማየት የፈለግሁት ለዚህ ነው።

ኤዜ በሰኔ 1998 በደቡብ ምሥራቅ ለንደን ግሪኒች ከናይጄሪያውያን ወላጆች ተወለደ። ኳስ የለመደው በሠፈሩ በሽቦ በታጠረች ጠባብ የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ነው። በልጅነቱ የአርሰናል አካዳሚ ገባ፤ በ13 ዓመቱ አሰናበቱት። ከዚያ ፉልሃምን ሞከረ፣ ሬዲንግን ሞከረ፣ ሚልዎል ተቀበለው። በ2016፣ 18 ዓመት ሲሞላው፣ ሚልዎልም የሙያ ውል ሳይሰጠው ለቀቀው። በእንግሊዝ በዚህ ዕድሜ መሰናበት ለአብዛኛው ልጅ የሙያው ማብቂያ ነው። አካዳሚዎቹ በየዓመቱ ከሚያስተናግዷቸው ልጆች ውል የሚሰጡት ለጥቂቶቹ ብቻ ነው፤ የቀሩት ወደ ታችኞቹ ሊጎች ወይም ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳሉ። ኤዜ በኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ የሙከራ ጊዜ አገኘ፤ በዚያው ዓመትም ፈረመ። ክለቡ ለዚህ ልጅ የዝውውር ገንዘብ አላወጣም። ይህችን ነጥብ ያዟት፤ ወደ ሂሳቡ ስንመጣ ትፈለጋለች።

በ2017/18 የመጀመሪያ አጋማሽ በአራተኛው እርከን ለሚጫወተው ዋይኮምብ ዋንደረርስ በውሰት ተሰጠ። ዋይኮምብ በዚያን ጊዜ ኳስን በረጅሙ የሚልክ፣ ግዙፉን አጥቂ አደባዮ አኪንፌንዋን ተማምኖ የሚጫወት ቡድን ነበር። ኳስ እያንሸራሸረ ማለፍ ለሚወድ ቀጭን ልጅ የማይመች ቦታ ይመስላል። ኤዜ ግን በ20 የሊግ ጨዋታዎች 5 ግብ አስቆጠረ። በጥር ክለቡ መልሶ ጠራው፤ ዋይኮምብም በዚያው ዓመት ወደ ሦስተኛው እርከን አደገ። ስለዚህ ውሰት ብዙ የሚባል ነገር የለም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ አዋቂ ሰው ደሞዙን ለማስጠበቅ ሲል በሚገጥምበት ሜዳ ላይ መጫወት የጀመረው እዚያ ነው።

ቻምፒዮንሺፕ ምን ዓይነት ሊግ ነው?

የእንግሊዝ ሁለተኛ እርከን ቻምፒዮንሺፕ ይባላል። 24 ክለቦች አሉት፤ እያንዳንዱ 46 የሊግ ጨዋታ ያደርጋል። ፕሪሚየር ሊግ 38 ነው። በወራት ሲመነዘር፣ ከነሐሴ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ቅዳሜና ማክሰኞ፣ ቅዳሜና ማክሰኞ እያሉ መጫወት ማለት ነው። ኤዜ በተጫወተባቸው ዓመታት ሁለቱ በቀጥታ ያድጉ ነበር፤ ከ3ኛ እስከ 6ኛ የወጡት ደግሞ እርስ በርስ ተፋልመው አንዱ በዌምብሌይ የመጨረሻውን ትኬት ይወስዳል። ሦስቱ ይወርዳሉ።

የሊጉ ትልቅ በሽታ ገንዘብ ነው። ወደ ፕሪሚየር ሊግ ማደግ ከቴሌቪዥን ገቢ ብቻ ክለቡን ሌላ ዓለም ውስጥ ስለሚያስገባው፣ ባለቤቶች ያንን እያሰቡ ከአቅማቸው በላይ ያወጣሉ። በተለያዩ ዓመታት የቻምፒዮንሺፕ ክለቦች ድምር የደመወዝ ወጪ ከድምር ገቢያቸው በልጦ ታይቷል። አንድ ክለብ ያለውን ገቢ በሙሉ ለተጫዋቾችና ለሠራተኞች ደመወዝ ቢያውለው እንኳ አይበቃውም ማለት ነው፤ ቀሪውን ባለሀብቱ ከኪሱ ይሞላል። ከፕሪሚየር ሊግ የወረዱት ክለቦች እስከ ሦስት ዓመት የሚቆይ የድጎማ ክፍያ ይዘው ስለሚመጡ፣ የሌሎቹ ሩጫ ከመነሻው እኩል አይደለም።

ለዚህ ነው ሊጉ የኪሳራ ጣሪያ ያበጀው፦ በእነዚያ ዓመታት፣ በሦስት ዓመት ውስጥ በድምሩ ከ39 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰር አይፈቀድም ነበር። በፕሪሚየር ሊግ ይህ ጣሪያ 105 ሚሊዮን ነበር። ያለፈ ይቀጣ ነበር። በርሚንግሃም ሲቲ በመጋቢት 2019 በሦስት ዓመት 48.8 ሚሊዮን ፓውንድ መክሰሩ ተረጋግጦ 9 ነጥብ ተቀነሰበት። ኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ ላይ የሆነውን ከላይ አይተናል፤ የተቀጣው ከዚህ በፊት በነበረው ደንብ ቢሆንም ሐሳቡ አንድ ነው።

ለወጣቱ አማካይ በር የሚከፈተው እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ የማውጣት ነፃነት ያለው የቻምፒዮንሺፕ ክለብ፣ አማካይ ሲጎድለው የ29 ዓመት ልምድ ያለው ሰው ይገዛል። አሰልጣኙ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ከተሸነፈ ሥራውን ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ በ20 ዓመት ልጅ ላይ መወራረድ አይፈልግም። ይህን ስል አሰልጣኞችን መውቀሴ አይደለም፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን የማደርገው እሱኑ ነው። መግዛት የተከለከለ ወይም አቅም ያጣ ክለብ ግን በግድ ወደ ውስጥ ይመለከታል። ደንቡ የወጣው ልጆችን ለማሳደግ ባይሆንም ካስከተላቸው ነገሮች አንዱ ይህ ሆኗል።

አማካይ ለምን በጨዋታ ብቻ ይበስላል?

አጥቂ በብዛት የሚጫወተው ፊቱን ወደ ግብ አዙሮ ነው። የመሀል ተከላካይ ጨዋታው በሙሉ ከፊት ለፊቱ ነው። አማካይ ግን መሀል ላይ ነው፤ ከፊትም፣ ከኋላም፣ ከግራም፣ ከቀኝም ሰው ይመጣበታል። ኳስ ወደ እሱ እየመጣች ባለችበት ሰከንድ ውስጥ ከጀርባው ማን እንዳለ፣ ምን ያህል እንደራቀና በየትኛው እግሩ እንደሚመጣ ማወቅ አለበት። ይህ እውቀት በልምምድ ሜዳ ላይ በተወሰነ ደረጃ ይገኛል። ሙሉ የሚሆነው ግን ስህተቱ ዋጋ ሲያስከፍል ነው።

በአካዳሚዎች መካከል የሚደረገው የ21 ዓመት በታች ውድድር ቴክኒኩ ጥሩ ነው፤ ልጆቹ ፈጣን ናቸው፤ ሜዳው ያምራል። የጎደለው ውጤቱ ማንንም የማያስርብ መሆኑ ነው። አማካዩ ኳስ ቢነጠቅ የሚጮህበት የ30 ዓመት አምበል የለም፤ ደጋፊውም በመቶዎች የሚቆጠር ነው። በቻምፒዮንሺፕ ደግሞ ማክሰኞ ማታ ዝናብ ላይ፣ ሃያ ሺህ ሰው ፊት፣ ላለመውረድ የሚታገል ቡድን አማካይ ቁርጭምጭሚቱን ይጠብቀዋል። እዚያ የሚማረው አንዱ ትልቅ ነገር ኳስን የሚቀበልበት የሰውነት አቀማመጥ ነው። ጀርባውን ሙሉ ለሙሉ ለተጋጣሚው ሰጥቶ የሚቀበል አማካይ ያለው ምርጫ ኳሷን ወደ መጣችበት መመለስ ብቻ ነው። በጎን ዞር ብሎ፣ ገላውን ግማሽ ከፍቶ የሚቀበል ግን በአንድ ንክኪ ተጋጣሚውን አልፎ ሜዳውን ከፊቱ ያገኘዋል።

የኤዜ ልዩ ችሎታ ይህ ነው። ኳስ ሲደርሰው የማይቸኩል ይመስላል፤ ትከሻውን በትንሹ ይጥላል፤ ተከላካዩ ያን ተከትሎ ክብደቱን ወደ አንድ እግሩ ሲያዘነብል በሌላኛው በኩል ያልፈዋል። ይህን በሠፈር ሜዳ የተማረው ይመስለኛል። መቼ ማድረግ እንዳለበትና መቼ ኳሷን ቶሎ ለቅቆ መሄድ እንዳለበት ያስተማረው ግን የቻምፒዮንሺፕ ሜዳ ነው።

የ2018/19 ውድድር ዓመት ለክለቡ በአደጋ ጀመረ። አሰልጣኙ ስቲቭ ማክላረን ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን አራት የሊግ ጨዋታዎች ተሸነፈ፤ ከእነዚያ አንዱ በዌስት ብሮም 7 ለ 1 የሆነው ነው። በዚህ መሀል ኤዜ ከቡድኑ አልወጣም። በሊጉ 42 ጨዋታ ላይ ተሰለፈና 4 ግብ አስቆጠረ። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው «ምን አለው?» ይል ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ዓመት ትልቁ ቁጥር 42 ነው እላለሁ። አንድ የ20 ዓመት አማካይ በደካማ ቡድን ውስጥ፣ በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ፣ ኳስ ማጣትና እንደገና መጠየቅን ተለማመደ። ቡድኑ 19ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ማክላረንም ከዓመቱ መጨረሻ በፊት ተሰናበተ።

በቀጣዩ ዓመት ማርክ ዋርበርተን መጣና 10 ቁጥር ለባሹን ልጅ የቡድኑ ማዕከል አደረገው። ከግራ ተነሥቶ ወደ መሀል የሚገባ፣ ከአጥቂው ጀርባ የሚንቀሳቀስ፣ አንዳንዴም ከተከላካዮች ኳስ ለመውሰድ ወደ ኋላ የሚመለስ ነፃ ሰው ሆነ። ኤዜ 46ቱንም የሊግ ጨዋታ ተጫወተ፤ 14 ግብ አስቆጠረ፤ 8 ለግብ አመቻቸ፤ የክለቡ የዓመቱ ኮከብም ተባለ። ውድድሩ በኮቪድ ምክንያት በመጋቢት ቆሞ በሰኔ ያለ ተመልካች ቀጥሎ ነበር። ቡድኑ 13ኛ ወጣ።

የሂሳቡ ጉዳይ

አሁን ብዙ ሰው የሚደናገርበትን ነገር ላብራራ፦ ክለቦች ያሳደጉትን ልጅ ለመሸጥ ለምን ይቸኩላሉ?

አንድ ክለብ ተጫዋች በ20 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶ የአምስት ዓመት ውል ቢያስፈርመው፣ የሂሳብ ሠራተኛው 20 ሚሊዮኑን በአንድ ዓመት ወጪ አድርጎ አይመዘግበውም። ለአምስት ከፍሎ በየዓመቱ 4 ሚሊዮን ይጽፋል። አዲስ ሚኒባስ የገዛ ሰው መኪናው በየዓመቱ ከዋጋው እየቀነሰ እንደሚሄድ በመዝገብ እንደሚይዘው ማለት ነው። ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ተጫዋቹ በመዝገብ የቀረው ዋጋ 8 ሚሊዮን ነው። በዚያን ጊዜ በ20 ሚሊዮን ቢሸጥ ትርፉ 12 ሚሊዮን ይሆናል።

በነፃ የመጣ ወይም ከአካዳሚ የወጣ ልጅ ግን በመዝገብ ላይ የዝውውር ዋጋ የለውም፤ ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። በ20 ሚሊዮን ቢሸጥ 20 ሚሊዮኑ በሙሉ ትርፍ ሆኖ ይጻፋል። የኪሳራው ጣሪያ ከላዩ ለተጠጋበት ክለብ ይህ የሦስት ዓመት ሂሳብን የሚያድን ነው። ለአካዳሚ የሚወጣው ገንዘብም ከኪሳራው ስሌት ውጭ ስለሚደረግ፣ ደንቡ ልጅ ማሳደግንም መሸጥንም በአንድ እጁ ይገፋል። ይህ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው። ደጋፊው «የእኛ ልጅ» የሚለውን ተጫዋች፣ ደንቡ ከሁሉ በፊት እንዲሸጥ ያደርገዋል።

ኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ ኤዜን በነሐሴ 2020 ለክሪስታል ፓላስ ሸጠው። በእንግሊዝ ጋዜጦች የተጠቀሰው ዋጋ ወደ 16 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን፣ ከተጨማሪ ክፍያዎች ጋር እስከ 20 ሚሊዮን የሚደርስ ነበር። ሻጩ ክለብ በውሉ ውስጥ ሌላም ነገር አስገብቶ ነበር፦ ፓላስ ወደፊት ሲሸጠው ለቀድሞው ክለብ ድርሻ የሚያስገኝ አንቀጽ። የሁለተኛው እርከን ክለቦች በዚህ አንቀጽ ላይ አጥብቀው ይደራደራሉ፤ ልጁ የሚያወጣው እውነተኛ ዋጋ በሁለተኛው ዝውውር ላይ እንደሚታይ ያውቃሉና። ዛሬ መሸጥ ግድ ቢሆንባቸውም ነገ ከሚመጣው ላይ ቁራሽ ያስቀራሉ።

ትልልቆቹ ለምን ቀድመው አልገዙትም?

ይህ ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። 14 ግብ ያስቆጠረን የ22 ዓመት አማካይ ማንም ያየዋል፤ የተደበቀ ልጅ አልነበረም።

መልሱ የቻምፒዮንሺፕ ቁጥሮች ወደ ላይኛው ሊግ በቀጥታ ስለማይተረጎሙ ነው። በታችኛው ሊግ ለማሰብ የሚገኘው አንድ ተጨማሪ ሰከንድ፣ ላይኛው ሊግ ሲደርሱ ይጠፋል። የተሳካ ቅብብል መቶኛም ብዙ አይነግርም፤ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ብቻ የሚያቀብል አማካይ ከሁሉ የተሻለ መቶኛ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ መልማዮች ሌሎች ነገሮችን ያያሉ፦ በጫና ውስጥ ሆኖ ኳስ ሲቀበል ምን ያህል ጊዜ ይዞ ይወጣል? ኳስን በእግሩ ይዞ ምን ያህል ሜትር ወደ ፊት ያሻግራል? ቡድኑ በግብ ሲቀደም ይሸሻል ወይስ ኳስ ይጠይቃል? የመጨረሻውን በቁጥር መለካት ያስቸግራል፤ ስታዲየም ተቀምጦ ማየት ያስፈልጋል።

ትልቅ ክለብ ደግሞ ልጁን ገዝቶ ወዲያው ማሰለፍ አለበት፤ ካልተሳካ አሰልጣኙም ገዢውም ይጠየቃሉ። መካከለኛ ክለብ ግን ለአንድ ዓመት መታገሥ ይችላል። ክሪስታል ፓላስ ይህን ክፍተት ከማንም በላይ ተጠቀመበት። ኤዜን በ2020፣ ማይክል ኦሊሴን በ2021 ከሬዲንግ፣ አዳም ዋርተንን በ2024 መጀመሪያ ከብላክበርን ወሰደ። ሦስቱም ከቻምፒዮንሺፕ የተገኙ፣ ኳስ ሲይዙ ጭንቅላታቸው ቀና የሚል ልጆች ናቸው። ኦሊሴ በ2024 ባየርን ሙኒክ ገባ። ዋርተን ከብላክበርን ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ ለ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ በእንግሊዝ ስብስብ ተያዘ። አንዱ ቢሆን ዕድል ነው እንል ነበር፤ ሦስት ሲሆን ግን ዕውቀት ነው።

ሽግግሩ ለኤዜ ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያው የፕሪሚየር ሊግ ዓመቱ 34 ጨዋታ ላይ ተሰለፈና 4 ግብ አገባ። ከዚያ በግንቦት 2021 በልምምድ ላይ የአቺለስ ጅማቱ ተበጠሰ። በዚያው ቀን የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ለአውሮፓ ዋንጫ ባዘጋጀው የመጀመሪያ ዝርዝር ውስጥ መካተቱን የሚገልጽ መልእክት ስልኩ ላይ ደርሶ ነበር። ወራት ከሜዳ ራቀ። ፍጥነቱ በመነሻ እርምጃው ላይ ለተመሠረተ ተጫዋች ከዚህ የከፋ ጉዳት ማሰብ ይከብዳል። ሲመለስ አጨዋወቱን ቆጠብ አደረገ፤ ሁሉንም ተከላካይ ለማለፍ መሞከሩን ትቶ፣ የሚያልፍበትን ቦታ መምረጥ ጀመረ። በ2022/23 በሊጉ 10 ግብ፣ በቀጣዩ ዓመት በ27 ጨዋታ 11 ግብ አስቆጠረ። በሰኔ 2023 ማልታ ላይ የእንግሊዝን ማሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለበሰ።

በግንቦት 17 ቀን 2025 በዌምብሌይ በኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ፣ በ16ኛው ደቂቃ ከዳንኤል ሙኞዝ የተሻገረችውን ኳስ ሳትወርድ መትቶ ማንቸስተር ሲቲ ላይ ብቸኛዋን ግብ አስቆጠረ። ለክሪስታል ፓላስ በታሪኩ የመጀመሪያው ትልቅ ዋንጫ ነበር። በነሐሴ 2025 ቶተንሃም ሊወስደው ከጫፍ ደርሶ ሳለ፣ አርሰናል በመጨረሻ ሰዓት ገብቶ ወሰደው፤ የተዘገበው ዋጋ 60 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን ከተጨማሪው ጋር ወደ 67.5 ሚሊዮን ይደርሳል። በኅዳር በዚያው በቶተንሃም ላይ ሃትሪክ ሠራ፤ አርሰናል 4 ለ 1 አሸነፈ። አርሰናል በ13 ዓመቱ ያሰናበተው ክለብ ነው።

ሌላው መንገድ፦ በርሚንግሃምና ጁድ ቤሊንግሃም

ኤዜ ዘግይቶ የበሰለ ነው። በዚያው ሊግ፣ በዚያው ወቅት፣ በተቃራኒው ፍጥነት የወጣ ሌላ አማካይ አለ። ከላይ 9 ነጥብ የተቀነሰበት በርሚንግሃም ሲቲ፣ በ2019 ክረምት ዋና አጥቂውን ቼ አዳምስን ለሳውዝሃምፕተን ሸጦ ነበር። ነሐሴ 6 ቀን 2019 በፖርትስማውዝ ሜዳ በሊግ ካፕ ጨዋታ ጁድ ቤሊንግሃምን አሰለፈ። ልጁ 16 ዓመት ከ38 ቀኑ ነበር፤ በትንሽ ዕድሜ ለክለቡ በመሰለፍ የቀድሞው አጥቂ ትሬቨር ፍራንሲስ ይዞት የነበረውን ክብረ ወሰን ሰበረ። በወሩ መጨረሻ ስቶክ ላይ የማሸነፊያውን ግብ አስቆጠረ። በዚያ አንድ ዓመት በሁሉም ውድድር 44 ጨዋታ አደረገ። 22 ቁጥር የለበሰውም በአካዳሚው አሰልጣኞቹ ሐሳብ ነው፦ የተከላካይ አማካዩን 4፣ የመሀሉን 8 እና የአጥቂ አማካዩን 10 መጫወት ይችላል፤ ሲደመሩ 22 ይሆናሉ።

በ2020 ክረምት ቦሩሲያ ዶርትሙንድ በ25 ሚሊዮን ፓውንድ መነሻ ሲወስደው በርሚንግሃም 22 ቁጥርን ማንም እንዳይለብሰው ወሰነ። ያኔ በማኅበራዊ መገናኛ ብዙ ሰው ተሳለቀበት፤ ለ17 ዓመት ልጅ ማሊያ ይታቀባል ወይ ተባለ። እኔ ግን ክለቡን እረዳዋለሁ። በነጥብ ቅጣትና በኪሳራ መሀል የነበረ ክለብ ነው፤ የዚህ ልጅ ሽያጭ መዝገብ ላይ ሙሉ በሙሉ ትርፍ ሆኖ ተጻፈ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ሪያል ማድሪድ 103 ሚሊዮን ዩሮ መነሻ ከፍሎ ወሰደው፤ በመጀመሪያው ዓመቱም በላሊጋ 19 ግብ አስቆጥሮ የሊጉንና የቻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ አነሣ። ፍጻሜው ከዶርትሙንድ ጋር ነበር።

የሁለቱ ልጆች ዝውውር በአንድ ነገር ይለያያል፤ ይህ ልዩነት ለእኛም ሀገር ክለቦች ስለሚጠቅም ሰፋ አድርጌ ልናገረው። ፊፋ የአብሮነት ክፍያ የሚባል ሥርዓት አለው። ተጫዋች ከአንድ ሀገር ፌዴሬሽን ወደ ሌላ በገንዘብ ሲዘዋወር፣ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። 12 ዓመት ከሞላበት የውድድር ዘመን እስከ 15 ለእያንዳንዱ ዓመት የዝውውሩ 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ ነው። የቤሊንግሃም ዝውውር ከጀርመን ወደ ስፔን ስለሆነ ክፍያው ይሠራል፤ ከስምንት ዓመት በታች ቡድኑ ጀምሮ ያሳደገው በርሚንግሃም ተቀባይ ነው። የኤዜ ዝውውሮች ግን በሙሉ በእንግሊዝ ክለቦች መካከል፣ በእንግሊዝ ውስጥ ያደገ ልጅ ላይ የተደረጉ ናቸውና ይህ ደንብ አይነካቸውም። ሚልዎል በ18 ዓመቱ ስለለቀቀው ከ60 ሚሊዮኑ በዚህ መንገድ የሚደርሰው ነገር የለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከፍተኛ ሊግ የሚጫወት ክለብም ሆነ ከዚያ በታች ያለ፣ በፌዴሬሽኑ ሥር እስከተመዘገበ ድረስ የዚህ ክፍያ መብት አለው። ከ12 እስከ 17 ዓመቱ ያሠለጠነው ልጅ ወደ ውጭ ወጥቶ አንድ ቀን ከአንድ አውሮፓ ሀገር ወደ ሌላ በ5 ሚሊዮን ዩሮ ቢዘዋወር፣ አራቱ የልጅነት ዓመታት 1 በመቶ፣ 16ኛውና 17ኛው ሌላ 1 በመቶ ይሰጣሉ፤ ድምሩ 100 ሺህ ዩሮ ነው። ልጁ የመጀመሪያ የሙያ ውሉን በውጭ ሲፈርም የሚከፈለው የማሠልጠኛ ካሣ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። ከኅዳር 2022 ጀምሮ እነዚህ ክፍያዎች የሚተላለፉት ፓሪስ ባለው የፊፋ የክፍያ ማዕከል በኩል ነው። ማዕከሉ የሚሠራው ተጫዋቹ በየትኛው ዓመት በየትኛው ክለብ እንደነበር በሚያሳየው ኤሌክትሮኒክ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ነው። መዝገቡን የሚሞላው የየሀገሩ ፌዴሬሽን ሲሆን፣ ፌዴሬሽኑ የሚሞላው ክለቡ ልጁን በጊዜው ካስመዘገበው ነው። ስለዚህ የታዳጊ ቡድን የያዘ ማንኛውም ክለብ ልጆቹን 12 ዓመት ከሞላቸው የውድድር ዘመን ጀምሮ በትክክለኛ የልደት ቀን፣ በየዓመቱ ሳያቋርጥ ማስመዝገብና የምዝገባውን ሰነድ እጁ ላይ ማስቀረት ይኖርበታል።